የክር ችሎቱ ዳኛ

ጋሼ ዋቅጅራ ሁሩሙ ከተማ ሲቀበር ጃንጥላዬን ይዤ ከኋላ ቆሜ ነበር። የሕይወት ታሪኩን ያነበበው የእህቱ ልጅ ከልደቱ ጀምሮ እየወረደ መጣና «ለበርካታ ዓመታት በመቱ ከተማ በዳኝነት አገልግለዋል» አለ። ቀና ያልኩት እኔ ብቻ ነኝ። ሌላው ሰው አንገቱን እንደደፋ ራሱን በእሺታ ይነቀንቃል። ከኖፓ ድረስ የመጡ ሽማግሌዎች ነበሩ፤ አንደኛው «እውነተኛ ዳኛ!» ብሎ ተንሰቅስቆ አለቀሰ።

ዋቅጅራ ዳኛ አልነበረም። ወፍጮ ጠጋኝ ነበር። ሕግ የሚባል ነገር አነበበ ከተባለ፣ ያነበበው ሚኒባስ በር ላይ የተለጠፈውን «በር በቀስታ ዝጉ» ነው። ቀብር ላይ ሟች አይታረምም ብዬ ዝም አልኩ፤ አፈሩ ሲመለስ አይቼ፣ ንፍሮዬን ዘግኜ ወደ መቱ ተመለስኩ። ቤቴ ስገባ ግን እህል አልወርድ አለኝ። ስለዚህ የማውቀውን እጽፈዋለሁ።

ፊት ለፊት አንቱ ስለው ኖሬአለሁ። አሁን ስለሞተ እሱ እለዋለሁ። ቅር የሚለው ዘመድ ካለ፣ እኔንም ቅር ያለኝ ብዙ ነገር አለ።

ከወሎ በሰፈራ የመጣን ሴቶች፣ መቱ ገበያ ጀርባ ባለ አሮጌ የቡና መጋዘን ውስጥ የፈታዮች ማህበር ነበረን። ሊቀመንበራችን እትዬ ፋጡማ ነበሩ፤ ጥጡን ከፍሬው ለይተው፣ ነድፈው ባዘቶ የሚያደርጉትም እሳቸው ናቸው። በእጃችን ስንፈትል ኖረን፣ አንድ የእርዳታ ፕሮጀክት ስምንት እንዝርት ያለው በመብራት የሚሠራ መፍተያ አመጣልንና አብሮን ፎቶ ተነስቶ ሄደ። ማሽኑ ባዘቶውን ከላይ ይጎርሳል፣ ያከረዋል፣ ከታች ቀሰም ላይ ይጠቀልለዋል። መቁረጥ ብቻ አይችልም። ክሩ ላይ ቋጠሮ ሲመጣ ወይም ቀሰሙ ሲሞላ የሚቆርጥለት ሰው ይፈልጋል። ያ ሰው እኔ ነበርኩ። ስምንቱን እንዝርት በዓይኔ ይዤ፣ መቀሴን ጣቴ ላይ አድርጌ ሰባት ዓመት ቆሜአለሁ። አንድም ቀሰም ሞልቶ አልፈሰሰብኝም።

ዋቅጅራን ያስመጣነው ማሽኑ መጮህ ሲጀምር ነው። ረጅም፣ ቀጭን ሰው ነበር፤ ሌላው ሰው እስክሪብቶ በሚሰካበት የኮት ኪስ ካቻቢቴ ይሰካል። ሲመረምር የካቻቢቴውን ጫፍ ብረቱ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ ዓይኑን ይጨፍናል። እኛ ትንፋሻችንን እንይዛለን። ከዚያ ለማሽኑ በኦሮምኛ አንድ ነገር ይነግረዋል፤ ወደ እኛ ዞሮ ደግሞ በአማርኛ «አኩርፏል» ይለናል። ተበላሽቷል ብሎ አያውቅም። ማሽን ያኮርፋል እንጂ አይበላሽም፣ የሚበላሸው ሰው ነው ይል ነበር።

«ጋሼ፣ ለምንድነው እሱን በኦሮምኛ የሚያናግሩት?» ብዬ ጠየቅሁት አንድ ቀን።

«በአማርኛ ባናግረው፣ ለእናንተ የተናገርኩ እየመሰለው አይሰማኝም።»

ሴቶቹ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። መቀሴን እንዴት እንደሚያየው አይቼ ነበር።

በመጣ በሦስተኛው ወር መቁረጫውን ሠራ። ከጃንጥላ ሽቦ፣ ከብስክሌት ፍሬን ገመድና ከጢም ምላጭ ነው የሠራው። ክሩ በጠባብ ስንጥቅ ውስጥ ያልፋል፤ ቋጠሮ ከመጣ ስንጥቁ ላይ ይያዝና ሽቦውን ይስባል፣ ምላጩ ይወድቃል። ቀሰሙ ሞልቶ ሲወፍርም ያንኑ ሽቦ ይገፋዋል፣ ምላጩ ይወድቃል። ቀጭ! ለስምንቱም እንዝርት አንዳንድ ገጠመላቸው። እትዬ ፋጡማ እልል አሉ። እኔ መቀሴን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ።

በማህበራችን ደንብ ሥራ የሌላት ሴት አባል ልትሆን አትችልም። ደንቡን ስናጸድቅ እጄን ቀድሜ ያወጣሁት እኔ ነበርኩ። ፋጡማ አዝነው «እስከ ጠቅላላ ጉባኤው ድረስ ባዘቶ አጉርሺ፣ ከዚያ እናያለን» አሉኝ። እኔ እዚህ አገር ሰው የለኝም። ከሰፈራ ጣቢያው ስወጣ የተቀበለኝ ያ መጋዘን ነው። ከዚያ ከወጣሁ የት እንደምገባ የማውቀው ነገር አልነበረም። ይህን ያህል ይበቃል፤ ስለ እኔ አይደለም የምጽፈው።

በዚያው ሰሞን አዲስ ዕቃ ያስገባ ቤት ሁሉ በአፋን ኦሮሞ የተጻፈ ሰሌዳ ይስቀል ተባለ። ዋቅጅራ ለሰሌዳ ጻፊው ስልክ ደወለ። «ማነ ሙርቱ ክሪ ብለህ ጻፍ» አለው፤ የክር መቁረጫ ቤት ማለቱ ነው። ጻፊው ግን የተማረ ሰው ነው። እኚህ ሽማግሌ ተሳስተዋል ብሎ አረመው። ሙርቱ ያለውን ሙርቲ አደረገው። ማነ ሙርቲ ደግሞ ፍርድ ቤት ማለት ነው። በቀይ ቀለም አግድም ሲጽፈው ቦታ አለቀበትና «ክሪ» የምትለዋን ታች ጥግ ላይ እንደ ዝንብ አስቀመጣት። ከራሱ ጨምሮ ሚዛን ሣለበት።

ሰሌዳው ሲሰቀል ዋቅጅራ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ለረጅም ጊዜ አየው።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ የክር ፍርድ ቤት ነው የሚለው» አልኩት።

«ቀለሙ ጥሩ ነው» አለኝ።

በመጀመሪያው የገበያ ቀን ሁለት የኖፓ ሰዎች ፋይላቸውን በፌስታል ጠቅልለው ገቡ። የአንደኛው ንብ ከቀፎው ወጥቶ የሁለተኛው ቀፎ ውስጥ ገብቷል። ባለ ንቡ ማሩ የእኔ ነው ይላል፤ ባለ ቀፎው ቤቱ የእኔ ነው ይላል።

«ጌቶቼ፣ እዚህ ክር ነው የሚሠራው» አለ ዋቅጅራ።

«ይሁና» አለ ባለ ንቡ። «በክርም ከሆነ በክር ይታይልን። ሦስት ዓመት ስመላለስ ያልሞከርኩት ክር ብቻ ነው።»

«እኔ ዳኛ አይደለሁም።»

«ሁሉም እንደዚያ ነው የሚሉን» አለ ባለ ቀፎው፣ «ይመለከተኛል የሚል አንድም ቢሮ አላገኘንም።» ከገቡ ጀምሮ ሁለቱ የተስማሙበት ይህ ብቻ ነው።

አልወጣም አሉ። ዋቅጅራ ሥራ እንዳይፈታ ብሎ አንዱን እንዝርት አስነሳና ባለ ንቡን «ዱበዹ» አለው፤ ተናገር ማለቱ ነው። «ምላጩ እስኪወድቅ ተናገር። ሲወድቅ ዝም በል።» ሰውዬው ጀመረ። ንቡ ከአባቱ እንደወረደ፣ ቀፎውን ዛፍ ላይ ሲሰቅል ወድቆ ወገቡን እንደተጎዳ ተናገረ። ቀጥሎ «ጎረቤቴን በክፉ አይቼው አላውቅም» ሲል፣ ቀጭ!

ባለ ንቡ መሬት መሬት አየ።

«አንድ ቀን በድንጋይ ፈንክቼዋለሁ» አለ ቀስ ብሎ።

እርቅ ወረደ፤ ማሩን እኩል ሊካፈሉ ተስማሙ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የሚያቆማቸው ጠፋ። ምላጩ የወደቀበት ቃል ሐሰት ነው ተባለ። ሕጉ ይህ ብቻ ነበር፤ ለተራው የተሰጠው ባዘቶ ሳይቆረጥበት ያለቀለት ረታ፣ ባዘቶው ሳያልቅ ዝም ያለ ግን የሚለው አልቆበታልና ተረታ። የድንበር፣ የቡና ማድረቂያ፣ የጠፋች ላም፣ ያልመጣ ሙሽራ ክስ ይዘው ይመጡ ነበር። መብራት ሲጠፋ ቀጠሮ ይሰጣል፤ ተናጋሪው ያቆመባትን ቃል እንዳይረሳ ፋጡማ ይይዙለታል። አንድ የኖፓ ገበሬ «እኔ በበኩሌ» እንዳለ መብራቱ ጠፍቶበት፣ ዓረፍተ ነገሩን ለመጨረስ መቱ ሦስት ቀን አደረ። የእውነተኛው ፍርድ ቤት ዘበኛ እንኳ የአጥር ክሱን ይዞ መጣብን።

«እዚያው አጠገብህ እያለልህ?» አልኩት።

«እዚያማ ያውቁኛል፣ እትዬ ሙሉ» አለኝ። «ይሄ ማሽን ማንንም አያውቅም።»

ዋቅጅራ በመጀመሪያ ይስቅ ነበር። ቀስ በቀስ መሳቁን ተወ። ችሎት ባለበት ቀን ኮቱን ይቦርሻል፣ ባርኔጣውን ማሽኑ ላይ ያስቀምጣል፤ ምላጩ በወደቀ ቁጥር የካቻቢቴውን እጀታ ጆሮው ላይ አድርጎ ያዳምጥና ራሱን ይነቀንቃል። ማሽኑ አይሳሳትም ማለት ጀመረ። ለባለጉዳዩም ለእኛም አንድ ዓይነት ቃል ነበር የሚናገረው፤ «እኔ አልቆረጥኩም። እሱ ነው የቆረጠው።»

እኔ ግን ማን እንደሚቆርጥ አውቅ ነበር። የእትዬ ፋጡማ ዓይን ደክሟል። የጥጥ ፍሬ ስባሪ አልፏቸው ባዘቶው ውስጥ ይቀራል፤ ስባሪው ስንጥቁ ላይ ሲደርስ ምላጩ ይወድቃል። ሰው እውነት ተናገረ ዋሸ የሚባለው በፋጡማ መነጽር ነበር። ባዘቶ የማጎርሰው ደግሞ እኔ ነኝ። ሁሉም ስባሪ ከፋጡማ ዓይን ያመለጠ አልነበረም። ከዚህ በላይ አልናገርም። ያ የፍርድ ቤት ዘበኛ አንድ ጊዜ ዝናብ ላይ አቁሞኝ ስለነበር ክሱን ተረታ።

ጉባኤው ደረሰ። ፋጡማ አጀንዳውን ወረቀቱ ላይ እንዳቀረቀሩ አነበቡ፤ የሙሉነሽ አባልነት ይላል። እኔም ተነሳሁ።

«ሥራዬን የወሰደው ይህ መቁረጫ ነው» አልኩ። «ከስሼዋለሁ። በዚሁ ችሎት ይታይልኝ።»

ሴቶቹ አፋቸውን ያዙ። ዋቅጅራ ባርኔጣውን አወለቀ፣ መልሶ አደረገው፣ ደግሞ አወለቀው።

«ተከሳሹ ራሱ መቁረጫው ነው?»

«ራሱ።»

«ችሎቱም እሱ ነው?»

«አይሳሳትም ብለዋል እኮ፣ ጋሼ።»

«ኤዬን» አለ በመጨረሻ፤ እሺ ማለቱ ነው። «ተከሳሹ አፍ ስለሌለው እኔ እናገርለታለሁ።»

ለገበያ ቀን ተቀጠረ። ዋዜማውን ባዘቶውን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። ለእኔ ተራ የሚሆነውን በጣቴ እየዳሰስኩ፣ ፀሐይ ላይ እያየሁ፣ አንዲት ስባሪ ሳላስቀር አጠራሁት። ለእሱ ተራ የሚሆነው መጀመሪያው ላይ አንድ ደህና ስባሪ አስገባሁ። አፉን ሲከፍት ይቆረጣል፣ እኔም እቀመጣለሁ ብዬ አሰብኩ።

በማግሥቱ መጋዘኑ ሞላ። ፋጡማ ባዘቶውን ሊያጎርሱ ቆሙ። ዋቅጅራ «ሙሉ፣ ዱበዹ» አለኝ።

ተናገርኩ። ሰባት ዓመት መቆሜን፣ የእግሬን ማበጥ፣ መቀሴን ሁሉንም ነገርኳቸው። ክሩ እንደ ዘይት ይወርዳል። ምላጩ አይንቀሳቀስም። ሰዉ በአድናቆት ይተያያል፤ እንዲህ ያለ እውነት ሰምቶ አያውቅም። ያዘጋጀሁት ንግግር አለቀ፤ ባዘቶው ግን አላለቀም፣ ምላጩም አልወደቀም። ዝም ካልኩ እረታለሁ። ስለዚህ ፋጡማ በበዓል ያደሉንን ጥጥ ለእኔ አሳንሰው እንደሰጡኝ ተናገርኩ። አጠገቤ የምትሠራዋ ሴት ስታዛጋ አፏን እንደማትከድን ተናገርኩ። አልወደቀም። ከሰፈራ ስንመጣ መኪና ላይ ስለጮኸብኝ ሰው ተናገርኩ። ስለ መቱ ጭቃ፣ ስለ ባጃጅ ነጂዎች ስድነት ተናገርኩ። ላቤ ይንጠፈጠፋል። «ውኃ ስጧት» አለ አንዱ። «ስትጠጣ ዝም ትላለች፣ ትረታለች» አለ ሌላው። አልሰጡኝም። የማማርረው ነገር በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀብኝ።

የቀረኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፣ እሱን ሰው ፊት ተናግሬው አላውቅም።

«ቤቴ እዚህ ነው» አልኩ። «ከዚህ ሌላ ቤት የለኝም።»

ቀጭ!

ቀሰሙ ሞልቶ ነበር። ሰባት ዓመት የሞላ ቀሰም ስቆርጥ የኖርኩ ሴት፣ ቀሰም እንደሚሞላ ረሳሁ። ስባሪውን ብቻ ነበር ያሰብኩት። ሰዉ ግን የቀሰም ነገር ምን ያውቃል፤ «እእእ!» የሚል ድምፅ ከዳር እስከ ዳር ሄደ። ፋጡማ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

አዲስ ቀሰም ተተካ። የእኔ ስባሪ ያለበት ባዘቶ ገባ። ዋቅጅራ ባርኔጣውን ደረቱ ላይ ይዞ ተነሳ። ስለ መቁረጫው ፍጥነት፣ ስለ ጥራቱ ሊናገር ነው ብዬ ጠበቅሁ። ወደ ማሽኑ አላየም። ወደ እኔም አላየም።

«ሙሉ ትቆይ» አለ።

ቀጭ!

በዚያ ቀን የተነገሩት እውነቶች ሁለት ብቻ ነበሩ፤ ምላጩ በሁለቱም ላይ ወደቀ።

ዋቅጅራ ጎንበስ ብሎ የተቆረጠውን ክር አነሳ። በጥፍሩ ፈለቀቀው። ስባሪዋን አገኛት፤ መዳፉ ላይ አድርጎ አያት። አያትና ከዚያ እኔን አየኝ። ቢያሳያቸው ኖሮ፣ በዚያ ዓመት ሁሉ የተረታ ሰው ሁሉ እዚያው ይቀጠቅጠኝ ነበር። እጁን ወደ አፉ ወሰደ። ጉሮሮው ሲወጣና ሲወርድ አየሁ። ፍሬዋን ዋጣት።

«እሱ ነው የቆረጠው» አለና ባርኔጣውን አደረገ።

ሴቶቹ እንድወጣ እጅ አወጡ። እትዬ ፋጡማ የመጨረሻዋ ነበሩ። ወጣሁ። ከዚያ በኋላ እንዴት እንደኖርኩ የእኔ ጉዳይ ነው።

የእኔን ስም አድኖ ይሆን፣ ወይስ የማሽኑን? ሰው ስለ እሱ ደግነት ባወራ ቁጥር ይህን ጥያቄ እያኘክሁ አዳምጣለሁ። ደግ ከነበረ አንድ ቃል መናገር ነበረበት፤ ተንኮለኛ ከነበረ ፍሬዋን ለሰው ማሳየት ነበረበት። እሱ ግን በላት።

ችሎቱ ብዙ አልቆየም። አንድ ኃላፊ በመንገድ ሲያልፍ ሰሌዳውን አንብቦ አስወረደው። ማሽኑም ውሎ አድሮ መለዋወጫ ጠፋለትና አኮረፈ፣ በዋቅጅራ ቋንቋ። ዋቅጅራ ወደ ሁሩሙ ወፍጮው ተመለሰ። ሰው ግን ዳኛ ማለቱን አልተወም።

ከአስራ አንድ ዓመት በኋላ ከሁሩሙ በሚነሳ ሚኒባስ ውስጥ ጎኔ መጥቶ ተቀመጠ። ጸጉሩ ነጥቷል፤ ካቻቢቴው ኪሱ ውስጥ ነው። ሰላምታ ተሰጣጥተን ስለ ዝናቡ ተነጋገርን። ግማሽ መንገድ ስንደርስ አላስችል አለኝ።

«ጋሼ፣ ያቺን ፍሬ ለምን ዋጧት?»

«ማስረጃ ነበረች» አለ፣ ትናንት የጠየቅሁት ይመስል። «ማስረጃ በደህና ቦታ ይቀመጣል።»

«አይቀልዱብኝ።»

«ምኑ ነው ቀልዱ? ብናገር ገደሉሽ። ዝም ስል ተረታሽ። የተረታ ሰው ይግባኝ ይላል፤ እሱን ጠበቅሁ። በየገበያው ቀን ባዘቶውን እኔው ራሴ አጥርቼ፣ ምላጩን ቀይሬ ጠበቅሁሽ። አልመጣሽም።»

«ይግባኝ እንዳለ ማን ነገረኝ?»

«ይግባኝ የሌለው ፍርድ አለ እንዴ? ከመንደርሽ እስከ መጋዘኑ አንድ መንገድ ነው።»

«እኔ ይጠሩኛል ብዬ ነበር የጠበቅሁት! ከእርስዎ አንድ ሰው ይላክልኛል ብዬ፣ ያን ክረምት በሙሉ በሬን ሳልዘጋ!»

«ዳኛ ሰው ቤት አይሄድም፣ ሙሉ።»

«እርስዎ ዳኛ አይደሉም!»

ሚኒባሱ በሙሉ ዞረ። ረዳቱ እንኳ ሂሳብ መሰብሰቡን አቆመ። ዋቅጅራ ግን አልተቆጣም። በጉዳዩ ላይ አሰበበት፤ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ማሽን እንደሚያዳምጥ ሆኖ አሰበበት።

«ያ ጥሩ መከራከሪያ ነበር» አለ። «በይግባኝሽ ላይ ማንሳት ነበረብሽ።»

«ወራጅ!» አልኩ።

ዝናብ ይዘንባል። መቱ ገና ሩቅ ነው። ረዳቱ «እትዬ፣ እዚህ እኮ ቤት የለም» አለኝ፤ ወረድኩ። በጭቃው ውስጥ እየሄድኩ፣ ላሞችና ቡና ለቃሚዎች እያዩኝ፣ ይግባኜን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጮክ ብዬ ተናገርኩ። ከተማው እስክገባ ድረስ ማንም አልቆረጠኝም።